ጠቋሚው ከፊደሉ ሲሸሽ፦ የተርሚናል ኤዲተርን ለአማርኛ ሳስተካክል ያየሁት

ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው አማርኛ በተርሚናል፣ ማለትም በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራ መስኮት፣ ውስጥ በሚሠራ የጽሑፍ ማረሚያ ወይም ኤዲተር ሲከፈት የሚያሳየውን መዘበራረቅ ለማስተካከል የተነሣ ሌላ ሰው እኔ የደከምኩትን ያህል እንዳይደክም ነው። ሥራው በትርፍ ሰዓቴ ሦስት ወር ገደማ ወስዶብኛል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ጊዜ ያለፈው ስህተቱን በማረም አልነበረም፤ ስህተት ያልሆነውን ነገር እንደ ስህተት ቆጥሬ ሳርመው፣ ከዚያም ያረምኩትን መልሼ ሳፈርሰው ነው። ስለዚህ የምተርከው በዋናነት የት የት እንደተሳሳትኩና ከየስህተቱ ምን እንዳወጣኝ ይሆናል።

መነሻው የቃላት ዝርዝር ነበር። ጠብቀውና ላልተው ሲነበቡ ትርጉማቸው የሚለያይ የአማርኛ ቃላትን እሰበስብ ነበር። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። «አለ»ም ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው። የተለመደው አጻጻፋችን ይህን ልዩነት ስለማያሳይ፣ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ የጥብቀት ምልክት አደርግ ነበር፤ «አለ፟» እንደማለት። ፋይሉ ያለው በሩቅ ሰርቨር ላይ ነው፤ የኢንተርኔት ግንኙነቴም ብዙ ጊዜ ደካማ ስለሆነ በተርሚናል ገብቶ መጻፍ ከሌላው መንገድ ሁሉ ይቀለኝ ነበር። የምጠቀመውም ከዓመታት በፊት የማዋቀሪያ ፋይሎችን ለማረም ብዬ ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩትን ትንሽ ኤዲተር ነበር። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ እንከን አልነበረበትም። የመጀመሪያውን የአማርኛ መስመር በከፈትኩበት ቀን ግን በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ሦስት ሦስት የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ አገኘሁ።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ሳልመረምር መነካካቴ ነው። ፎንት ቀየርኩ፣ ተርሚናል ቀየርኩ፣ የሰርቨሩን የቋንቋ ቅንብር ቀየርኩ፤ የጥያቄ ምልክቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። መንገዱ የተከፈተልኝ በአጋጣሚ ነው፤ ኤዲተሩን ቤት ባለችው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል ሳደርገው፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስለውጠው፣ አማርኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ኮዱ ያው፣ ፋይሉ ያው፣ የማይበት ተርሚናልም ያው ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከተለያየ፣ ችግሩ ፎንቱም ተርሚናሉም ሊሆን አይችልም። ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚለያዩበትን ነገር ብቻ መፈለግ ስጀምር ምክንያቱን ያገኘሁት በዚያው ምሽት ነው።

በሲ ቋንቋ አንድ ባይት የሚይዘው «ቻር» የሚባለው የመረጃ ዓይነት አሉታዊ ቁጥር ይያዝ ወይም አይያዝ የሚወሰነው በኮምፓይለሩ ነው። በእኔ የኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ከ-128 እስከ 127 ይይዛል፤ ራስፕቤሪ ፓይ ባላት በአርም ፕሮሰሰር በሚሠራ ሊኑክስ ላይ ግን እንደተለመደው ከ0 እስከ 255 ይይዛል። «ሰ» ዩቲኤፍ-8 በተባለው ፊደላትን በባይት የማስቀመጫ ስልት ሦስት ባይት ሆኖ ይቀመጣል፤ ባይቶቹም 225፣ 136 እና 176 ናቸው። ላፕቶፑ እነዚህን -31፣ -120 እና -80 አድርጎ ያነባቸዋል። ኮዴ ደግሞ ከ32 የሚያንስ ነገር ሁሉ የመቆጣጠሪያ ምልክት ነው ብሎ በጥያቄ ምልክት ይተካ ነበር። አሉታዊ ቁጥር ሁሉ ከ32 ስለሚያንስ፣ ከአንድ ፊደል ሦስት የጥያቄ ምልክት ይወጣ ነበር ማለት ነው። ባይቱን የመቀነስ ምልክት የሌለው ቁጥር ብሎ ማወጅ ብቻ አዳነው። እናንተም ኤዲተር የምትጽፉ ወይም የሌላ ሰው ኤዲተር የምታርሙ ከሆነ፣ ባይትን ከቁጥር ጋር የሚያወዳድረውን መስመር ሁሉ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ «ኢዝፕሪንት» እና «ኢዝስፔስ» የመሳሰሉት ፈንክሽኖች የሚጠሩበትን ቦታም አብራችሁ እዩ፤ ለእነዚህ አሉታዊ ባይት መስጠት ውጤቱ በቋንቋው ደንብ ያልተወሰነ ነውና።

ፊደላቱ ከታዩ በኋላ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። መጻፍ ስጀምር ግን የማጥፊያውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ስጫን ፊደሉ በመጥፋት ፈንታ ወደ ተሰበረ ምልክት ተለወጠ፤ ኤዲተሩ የሚያጠፋው የመጨረሻውን ባይት ብቻ ነበርና። ይህ ለአማርኛ ጸሐፊ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይከፋል፤ ምክንያቱም አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሳድሱን ካስገቡ በኋላ አናባቢው ሲነካ የማጥፊያ ቁልፍ ልከው በምትኩ አዲሱን ፊደል ያስገባሉ። እኔ «ሰ»ን ስጽፍ መጀመሪያ «ስ» ይገባል፤ ከዚያ አንድ ማጥፊያ ይላካል፤ ከዚያ «ሰ» ይገባል። ኤዲተሩ ከሦስቱ ባይት አንዱን ብቻ ሲያጠፋ፣ በእያንዳንዱ ፊደል ፊት ሁለት የተረፉ ባይቶች በፋይሉ ውስጥ ይቀራሉ። የመጀመሪያ ቀን የጻፍኩት አንድ ገጽ በሙሉ የተበላሸው በዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ከ128 እስከ 191 ያሉት ባይቶች የፊደል ቀጣይ ክፍል እንጂ መነሻ አይደሉም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ስትሄዱ ከዚህ ክልል ውጭ የሆነ ባይት እስክታገኙ ድረስ አትቁሙ። በማንበብም በኩል እንዲሁ ነው፤ ደካማ ግንኙነት ላይ የፊደሉ ሦስት ባይቶች ተቆራርጠው ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ ፊደሉ እስኪሟላ ጠብቁ እንጂ በእያንዳንዱ ባይት ማያውን እንደገና አትሣሉ።

እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፈለኝን አንድ ጥፋት ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የተሰበሩ ባይቶችን ማያው ላይ ማየት ስላስጠላኝ፣ ፋይሉ ሲከፈት ትክክል ያልሆነውን ባይት ሁሉ በምትክ ምልክት እንዲለውጥ አደረግሁ፤ ለውጡንም በማሳያው ላይ ብቻ ሳይሆን በማህደረ ትውስታው ላይ አደረግሁት። በዩቲኤፍ-8 ያልተቀመጠ አንድ የቆየ ፋይል ከፍቼ ሳስቀምጠው የቀድሞው ይዘት ላይመለስ ጠፋ። ቅጂ አልነበረኝም። ኤዲተር የማያውቀውን ባይት እንደፈለገ ሊያሳየው ይችላል፤ ሲያስቀምጥ ግን የተቀበለውን እንዳለ መመለስ አለበት። ማሳያውን በምታርሙበት ጊዜ ሁሉ በፋይሎቻችሁ ቅጂ ላይ ሥሩ።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። በኮዴ ውስጥ የጠቋሚውን ቦታ የሚይዝ አንድ ተለዋዋጭ ብቻ ነበር። ይህ አንድ ቁጥር በመስመሩ ውስጥ ስንተኛው ባይት ላይ እንዳለን፣ ስንተኛው ፊደል ላይ እንዳለን እና ማያው ላይ ስንተኛው አምድ ላይ እንዳለን በአንድ ጊዜ ያመለክት ነበር። በእንግሊዝኛ ሦስቱ እኩል ስለሆኑ ጉድለቱ ለዓመታት አልታየኝም። «አለ፟ ነበር» የሚለውን ውሰዱ፤ በባይት ሲቆጠር 19 ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት የራሱን ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሲቆጠር፣ ክፍተቱንና የጥብቀት ምልክቱን ጨምሮ፣ 7 ነው፤ ማያው ላይ የሚይዘው ስፋት ግን 6 አምድ ነው። ጠቋሚው ከቃሉ አልፎ ርቆ ሲቆም፣ የፍለጋ ቀለሙ ከተፈለገው ቃል ጎን ሲያርፍ፣ የመስመሩ መጨረሻ ሳይደርስ ጽሑፉ ሲቆረጥ፣ ሁሉም የሚመነጨው አንዱን ቁጥር በሌላው ቦታ ከመጠቀም ነበር።

እያንዳንዱን ስህተት በተገኘበት ቦታ ለመለጠፍ ሞክሬ ነበር፤ አንዱን ስለጥፍ ሌላው ይፈነዳል። በመጨረሻ ለሦስቱ ሦስት የተለያዩ ስሞች ሰጥቼ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለውጡ ጥቂት ፈንክሽኖችን ጻፍኩና በሌላ ቦታ ማንም ኮድ ልወጣውን በራሱ እንዳያደርግ ከለከልኩ። ስሙ ባይት የሚል ተለዋዋጭ ስሙ አምድ ከሚል ተለዋዋጭ ጋር ሲደመር ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ከምክሮቼ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፤ ማንኛውንም የማሳያ ስህተት ማረም ከመጀመራችሁ በፊት ስሞቹን ለዩ። እኔ አራት ቀን ወሰደብኝ፤ በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥም ያላሰብኳቸው ሰባት ስህተቶች በራሳቸው ጠፉ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። ተርሚናል እንደ ሂሳብ ደብተር በካሬ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት አንድ ካሬ፣ ሁለት ካሬ ወይም፣ ተደራቢ ከሆነ፣ ምንም ካሬ አይይዝም። የአማርኛ ፊደላት ስፋታቸው እኩል አይደለም፤ «ነ» እና «ተ» ጠባብ ሲሆኑ «ጠ»፣ «ጨ» እና «ሏ» ሰፋፊ ናቸው። ፊደላቱን ያወጣልኝ የነበረው ፎንት ለካሬ ተብሎ የተሠራ ባለመሆኑ፣ ሰፋፊዎቹ በአጠገባቸው ባለው ፊደል ላይ ይወጡ ነበር። እኔም ሲደራረቡ ሳይ «የአማርኛ ፊደል እንደ ቻይንኛ ሁለት ካሬ ነው የሚይዘው» ብዬ ደመደምኩ፤ በስፋት ሰንጠረዤም ውስጥ ከ4608 እስከ 4991 ያለውን የኢትዮጵያ ፊደል ክልል በሙሉ ሁለት አድርጌ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ጠቋሚው በእያንዳንዱ ፊደል አንድ ካሬ ወደ ቀኝ እየሸሸ፣ አሥር ፊደል ባለው መስመር መጨረሻ ላይ አሥር ካሬ ርቆ ይቆም ነበር። ያንን ለማካካስ በአንድ ቦታ ቀነስኩ፤ በሌላ ቦታ ጨመርኩ፤ ከእያንዳንዱ ፊደል በኋላ ባዶ ክፍተት እስከ መላክ ደረስኩ። ክፍተቱ ደግሞ ጽሑፉን በመዳፊት ሲገለብጡት አብሮ ይገለበጥና ቃላቱን ይበታትናል። የቃላት ዝርዝሩ ሥራ ጨርሶ ቆመ፤ ኤዲተሩን ትቼ ወደ ሌላ መሣሪያ ለመዞርም ወስኜ ነበር።

ከዚህ ያወጣኝ መገመቱን ትቼ መለካት መጀመሬ ነው። ተርሚናልን «ጠቋሚህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የኢስኬፕን ባይት፣ የግራ ማዕዘን ቅንፍን፣ 6ን እና ትንሹን «ኤን» ተከታትለው ብትልኩለት፣ ረድፉንና አምዱን በሴሚኮለን ለይቶ በትልቁ «አር» የሚያልቅ መልስ ይሰጣችኋል። ይህ አጠያየቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1978 ከወጣው ከቪቲ100 ተርሚናል ጀምሮ ያለ ሲሆን የዛሬዎቹ ተርሚናሎችም ይቀበሉታል። ቪም የተባለው የታወቀ የተርሚናል ኤዲተር ሳይቀር ሲነሣ ስፋታቸው አሻሚ የሆኑ ምልክቶች በተርሚናሉ ስንት ካሬ እንደሚይዙ ለማወቅ ይህንኑ መንገድ ይጠቀማል። እኔም ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ እየመለሰ አንድ ፊደል የሚጽፍ፣ ቦታውን የሚጠይቅና ከመልሱ አንድ ቀንሶ የሚመዘግብ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። በኢትዮጵያ ፊደል ክልል ውስጥ ያሉትን ፊደላት ሁሉ አስለካሁ። መልሱ ለሁሉም አንድ ካሬ ነበር፤ ለ«ጨ»ም ለ«ነ»ም አንድ።

በዚያች ሰዓት የችግሩ መልክ ተለወጠልኝ። ጉዳዩ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፤ ኤዲተሩ ስፋቱን በራሱ ሰንጠረዥ ይቆጥራል፤ ተርሚናሉ በራሱ ይቆጥራል፤ ፎንቱ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ በተሠራበት ስፋት ይሣላል። ኤዲተሩ መስማማት ያለበት ከተርሚናሉ ጋር ነው። ከፎንቱ ጋር ለመስማማት መሞከር ሁለቱን ያጣላል። የዩኒኮድ የስፋት ሰነድም የሚለው ያንኑ ነው፤ የእኛን ፊደላት ሰፊ ከሚላቸው ከቻይንኛና ከመሰሎቹ ጋር አይመድባቸውም፤ ገለልተኛ ይላቸዋል፤ ተርሚናል ላይም ገለልተኛ አንድ ካሬ ይይዛል። ፊደላት ሲደራረቡ ስታዩ ኤዲተሩን ከመንካታችሁ በፊት ጠቋሚውን ቃሉ መጨረሻ ላይ አድርጉትና በትክክለኛው ካሬ ላይ መቆሙን ተመልከቱ። በትክክል ከቆመ ጉዳዩ የፎንት ነው።

ለፎንቱ ጉዳይ ኤዲተሩ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ተርሚናሉ ግን ይችላል። በግኖም ተርሚናል የፕሮፋይል ቅንብር ውስጥ የካሬውን ስፋት ብቻ ማሳደግ ይቻላል፤ እኔ ወደ 1.3 ሳደርሰው የ«ጨ» እና የ«ጠ» መደራረብ አብዛኛው ቀረ፤ እንግሊዝኛው ትንሽ ተራርቆ ቢታይም ለዓይን አያስቸግርም። በኪቲ ተርሚናል ደግሞ ለተወሰነ የዩኒኮድ ክልል ብቻ የተለየ ፎንት መመደብ ስለሚቻል፣ ለኢትዮጵያ ፊደል ቀጠን ያለ ፎንት መርጣችሁ የቀረውን እንዳለ መተው ትችላላችሁ። ይህንን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሁለቱ ሳምንታት ባልባከኑ ነበር።

ቀጥሎ ተደራቢ ምልክቶቹ መጡ። የጥብቀት ምልክቱ በዩኒኮድ 4959 ቁጥር ላይ ያለ ሲሆን ከፊቱ ባለው ፊደል አናት ላይ ስለሚያርፍ ስፋቱ ዜሮ ነው። እኔ የወሰድኩት የስፋት ሰንጠረዥ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ተገልብጦ የሚገኝ፣ በ2007 በዩኒኮድ 5.0 ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ ነበር፤ 4959ንም በትክክል ዜሮ ይለዋል። ነገር ግን የአናባቢ ርዝመትን የሚያሳዩት 4957 እና 4958 በ2010 በዩኒኮድ 6.0 የተጨመሩ በመሆናቸው በሰንጠረዡ ውስጥ የሉም፤ ኤዲተሩም አንድ ካሬ ይሰጣቸው ነበር። በዝርዝሬ ውስጥ እነዚህ ምልክቶች ያሉባቸው ጥቂት መስመሮች ብቻ ስለነበሩ፣ ከሺህ መስመር በአሥሩ ላይ ብቻ ጠቋሚው ለምን እንደሚሸሽ ለመረዳት ብዙ ደከምኩ። ሰንጠረዥ ከሌላ ቦታ ስትወስዱ በየትኛው የዩኒኮድ እትም ላይ እንደተመሠረተ አረጋግጡ፤ ከተቻለ ደግሞ ከዩኒኮድ የመረጃ ፋይሎች በራሳችሁ አመንጩት፤ ከአንድ ገጽ ያነሰ ኮድ ይበቃዋል።

የተደራቢ ምልክት ነገር በስፋት ብቻ አያበቃም። ጠቋሚው በ«ለ» እና በምልክቱ መካከል መቆም የለበትም፤ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ሲሄድ ሁለቱን አብሮ መዝለል አለበት። ማጥፋት ላይ ግን የተለየ ውሳኔ ወስጃለሁ፤ ምልክቱን በስህተት ያደረገ ሰው ምልክቱን ብቻ ማንሣት ስለሚፈልግ፣ የማጥፊያው ቁልፍ መጀመሪያ ምልክቱን፣ ሲደገም ፊደሉን እንዲያጠፋ አድርጌያለሁ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ በቃላት ሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አድኖልኛል። ከሌሎች ጽሕፈቶች አንጻር ሲታይ እኛ የቀለለ ዕድል እንዳለንም ልብ በሉ፤ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» እያንዳንዱ ፊደል የራሱ አንድ ቁጥር ስላለው፣ አናባቢው በተለየ ምልክት በሚቀመጥበት እንደ ሂንዲ ባለ ጽሕፈት ላይ የሚገጥመው ውስብስብነት አብዛኛው አይደርስብንም።

ሁሉም ነገር በላፕቶፔ ላይ ተስተካክሎ ሳለ የተስተካከለውን ኤዲተር ወደ ሰርቨሩ ስወስደው ጠቋሚው በእያንዳንዱ ፊደል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሰንጠረዡን ትቼ የምልክትን ስፋት የሚናገረውን «ደብልዩሲዊድዝ» የተባለውን የሲስተሙን ፈንክሽን መጠቀም ጀምሬ ነበር። ይህ ፈንክሽን የሚሠራው በተመረጠው የቋንቋ ቅንብር መሠረት ነው፤ የማያውቀው ምልክት ሲገጥመው -1 ይመልሳል። ላፕቶፑ የራሱን ቅንብር ስም ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው በኤስኤስኤች በኩል ወደ ሰርቨሩ ይልካል፤ ሰርቨሩ ግን በዚያ ስም የተጫነ ቅንብር ስላልነበረው «ሲ» ወደሚባለው መነሻ ቅንብር ይመለሳል፤ በዚያ ቅንብር አንድም የአማርኛ ፊደል አይታወቅም። ኮዴም -1ን ሳይጠይቅ አምዱ ላይ ይደምረው ነበር። ተመሳሳይ ነገር የሚገጥማችሁ ከሆነ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ሲነሣ «ሴትሎኬል»ን በባዶ ስም መጥራቱን አረጋግጡ፤ ያ ከተረሳ ቅንብሩ በትክክል ቢጫንም ጥቅም የለውም። ሰርቨሩ በየካቲት 2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣውን ጂሊብሲ 2.35ን (የሊኑክስን መሠረታዊ የሲ ፈንክሽኖች ስብስብ) ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ከያዘ፣ ተጨማሪ ነገር ሳትጭኑ «ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ-8» የተባለውን ቅንብር መምረጥ ትችላላችሁ። እኔ በመጨረሻ የራሴን ሰንጠረዥ በኤዲተሩ ውስጥ ይዤ መቅረትን መርጫለሁ፤ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚለዋወጥ መልስ ከሚሰጠኝ፣ በአንድ ቦታ የማርመው ይሻለኛል።

አንዱን ተርሚናል ወደ ብዙ መስኮቶች የሚከፍለውን ቲመክስን የምትጠቀሙ ከሆነ በኤዲተሩና በተርሚናሉ መካከል አራተኛ ወገን እንዳለ አትርሱ። እሱም ማያውን በራሱ ካሬ ቆጥሮ ስለሚይዝ ስለ ስፋት የራሱ ሐሳብ አለው። የመለኪያውን ፕሮግራም አንድ ጊዜ በውስጡ፣ አንድ ጊዜ ከውጭ አስነሡትና መልሶቹን አስተያዩ።

ለረጅም ጊዜ ሳላየው የቆየሁት ሌላ ቦታ ደግሞ ከታች ያለው የሁኔታ መስመር ነው። ዋናውን ጽሑፍ ስጠብቅ የፋይሉ ስም የሚታይበትን መስመር ረስቼው ነበር። የሲ ቋንቋ «ፕሪንትኤፍ» ስፋት ሲሰጠው የሚቆጥረው ባይት ነው፤ የፋይሉን ስም በ20 ገድበህ ጻፍ ስትሉት፣ ስድስት የአማርኛ ፊደላትን ከጻፈ በኋላ ከሰባተኛው ፊደል ሁለት ባይት ብቻ አውጥቶ ይቆማል። ያ የተቆረጠ ፊደል በአንዳንድ ተርሚናሎች ላይ ከእሱ ቀጥሎ የተላከውን ትእዛዝ ጭምር ያበላሻል። እኔ ጋ የሁኔታው መስመር ቀለም ወደ ላይኛው ጽሑፍ የሚፈስሰው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ግን የቀለሙን ኮድ ስመረምር ነበር። መቁረጥም ሆነ በክፍተት መሙላት ካስፈለጋችሁ ሁልጊዜ በአምድ ቆጥራችሁ አድርጉት።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ታብ የሚዘልለው ቀጣዩ ማቆሚያ የሚሰላው ከአምዱ ነው፤ ከባይቱ ሲሰላ ከአማርኛ ቃል ቀጥሎ ያለው ታብ ይዘበራረቃል። ወደ ጎን ሲሸበለል የማያው ግራ ጠርዝ በተደራቢ ምልክት ላይ ከወደቀ ምልክቱን መተው፣ ሁለት ካሬ በሚይዝ ምልክት ወገብ ላይ ከወደቀ ደግሞ በባዶ ክፍተት መተካት ያስፈልጋል። ሁለት ነጥቡ፣ «፡»፣ በዩኒኮድ የሚመደበው ከሥርዓተ ነጥብ እንጂ ከክፍተት አይደለም፤ ስለዚህ በቃል የሚዘልለው ቁልፍ በሁለት ነጥብ የተጻፈን የቆየ ጽሑፍ አንድ ረጅም ቃል አድርጎ ይዘልለዋል። የዩኒኮድ የመስመር አሰባበር ደንብ ከሁለት ነጥብ በኋላ መስመር እንዲሰበር ስለሚፈቅድ፣ እኔም ለዝላዩም ለመስመር አሰባበሩም እንደ ቃል ወሰን ቆጥሬዋለሁ።

ስለ ኢሞጂ አንድ ነገር ልጨምር፤ ማስታወሻ ላይ የሚያስገባ ሰው አይጠፋምና። በ2016 የወጣው ዩኒኮድ 9.0 አብዛኞቹን ኢሞጂዎች ሰፊ አድርጎ ስለመደባቸው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ደንብ የሚሠራ ተርሚናልና ከዚያ በኋላ በመጣው የሚሠራ ኤዲተር ሊስማሙ አይችሉም። እዚህ ላይ ፍጹም መፍትሔ አላገኘሁም፤ ጉዳቱን መገደብ ግን ይቻላል። አከራካሪ ምልክት ከጻፍኩ በኋላ ኤዲተሩ ጠቋሚው የት እንደደረሰ አያምንም፤ ቀጣዩ ፊደል የሚጻፍበትን ረድፍና አምድ በግልጽ ለተርሚናሉ ይነግረዋል። ግምቱ ቢሳሳት አንድ ካሬ ይበላሻል እንጂ መስመሩ በሙሉ አይንሸራተትም። ለእያንዳንዱ ፊደል ይህን ባደርግ በደካማ ግንኙነት ላይ የሚላከው ስለሚበዛ፣ ለእነዚህ ምልክቶችና ለየመስመሩ መጀመሪያ ብቻ ነው የማደርገው።

አሁን ማንኛውንም ለውጥ ካደረግሁ በኋላ የምከፍተው አንድ የመፈተሻ ፋይል አለኝ። በውስጡ አማርኛ ብቻ ያለበት፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የተደባለቁበት፣ ከእያንዳንዱ ፊደል በኋላ የጥብቀት ምልክት ያለበት፣ በታብ የተከፋፈለ፣ የቻይና ፊደል ያለበት፣ ሆን ብዬ ባይቱን የሰበርኩት፣ እንዲሁም በማያው የመጨረሻ አምድ ላይ ልክ የሚያልቅ መስመር ይገኛሉ። ሁሉም መስመሮች በቆመ አሞሌ እንዲያልቁና አሞሌዎቹ በአንድ አምድ ላይ እንዲውሉ አድርጌ አሰናድቻቸዋለሁ፤ አንዱ አሞሌ ከሰልፉ ከወጣ የትኛው ዓይነት ጽሑፍ እንደተበላሸ በአንድ እይታ ይታወቃል። የመጨረሻውን አምድ ስትፈትሹ ተጠንቀቁ፤ ብዙ ተርሚናሎች የመጨረሻው ካሬ ላይ ከጻፉ በኋላ ጠቋሚውን ወዲያው ወደ ታች አያወርዱም፤ ቀጣዩን ፊደል ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ እዚያ ላይ የሚለካ ስፋት ያሳስታል።

ስህተቱን ራሳችሁ ማረም ካልቻላችሁና ለኤዲተሩ አዘጋጆች የምትልኩ ከሆነ፣ የማያውን ፎቶ ብቻ አትላኩ። ፎቶው የፎንቱን ሥዕል እንጂ የማንንም ቆጠራ አያሳይም። ችግሩ የሚታይበትን አንድ መስመር ለይታችሁ ባይቶቹን ጻፉላቸው፤ ቪም ካላችሁ ጠቋሚውን ፊደሉ ላይ አድርጋችሁ ትንሹን «ጂ» ቀጥሎም 8ን ብትጫኑ ያሳያችኋል። የሊኑክሱ የመቁጠሪያ ትእዛዝ «ደብልዩሲ» ደግሞ በትንሹ «ሲ» ባይቱን፣ በትንሹ «ኤም» ፊደሉን፣ በትልቁ «ኤል» ረጅሙ መስመር የሚይዘውን አምድ ይቆጥርላችኋል። በዚህ ላይ ተርሚናሉ ስለ ጠቋሚው ቦታ የሰጠውን መልስ፣ የተርሚናሉን ስምና እትም፣ የቋንቋ ቅንብራችሁን፣ በመካከል ቲመክስ ወይም ኤስኤስኤች መኖር አለመኖሩን ጨምሩ። እኔ በኋላ በሌላ ኤዲተር ላይ ያገኘሁትን የተደራቢ ምልክት ስህተት በዚህ መልክ ስልክ፣ አማርኛ የማያነብ አዘጋጅ ምንም ሳይጠይቀኝ በሦስተኛው ቀን አርሞታል።